ከጣርማ በር በላይ ድስት ለሚጥዱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ሚኒባስ ወይም ኮስተር ለማደሪያ አሠርተው በአንኮበር፣ በመንዝ ጓሳና በሸዋ ሮቢት መካከል የሚወጡ የሚወርዱ አንባቢያን የላኳቸው ናቸው። ከመልሶቹ በፊት አንድ ነገር እንበል። ማብሰያ ሲገዛ መታየት ያለበት ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚነድ አይደለም። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ላይ፣ ብርዱ በጠናበት ሌሊት፣ እንዴት እንደሚነድ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይሩፍ መኪናዬን አራት ሰው እንዲያድርበት አድርጌ እያሠራሁ ነው። አናጢው ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ ልግጠም ይላል። ወንድሜ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ከውጭ እናስመጣ ባይ ነው። የቱ ይሻለኛል? ሲሊንደሩስ የት ይቀመጥ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋዙ ይሻልዎታል። የናፍጣ ምድጃ በቀጥታ ከመኪናው ሰልባትዮ ስለሚጠጣ ሲሊንደር ከመሸከም ያድናል፤ ወንድምዎ ያለ ምክንያት አልወደዱትም። ችግሩ ነዳጁን እየመጠነች የምትልክ ትንሽ ፓምፕ ያለችው መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ፓምፗ ቆላ ላይ የምትልከውን ያህል ነዳጅ እዚህም ከላከች የሚያቃጥለው አየር አይበቃም፤ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ማቃጠያውን ይደፍነዋል። ለከፍታ የሚስተካከሉ አሉ። እንግዲያው የግድ ይህን ካሉ መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይግዙ። በዚያ ላይ እስኪግል ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ጠዋት ቡና ለቸኮለ ሰው አይመችም።

ጋዙን ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚጠይቁት መስታወቱን ወይም መልኩን አይደለም። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ በሁለቱም ምድጃዎች ላይ መኖሩን ይጠይቁ። በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ እሳቱን ያጠፋል፤ ይህ መቆጣጠሪያ ከሌለ ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ያቀጣጥሉት፣ አንድ ደቂቃ ይንደድ፣ እፍ ብለው ያጥፉት፣ ጆሮዎን ያቅርቡ። ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይዘገይ «ቀጭ» ብሎ መዝጋት አለበት።

ቀጥሎ መጠኑን ይለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ምድጃዎች መሀል ለመሀል ርቀት 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 24 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ድስቶች ጎን ለጎን አይጣዱም፤ ወጡና ሩዙ ተራ ሊጠብቁ ነው ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የድስቶችዎን ቂጥ በካርቶን ቆርጠው ሱቅ ይውሰዱና ምድጃው ላይ ያስቀምጧቸው። ለአራት ሰው አንድ ጠለቅ ያለ ባለ 24 እና አንድ ባለ 18 ይበቃል። ቂጣቸው ወፍራም ይሁን፤ ስስ አልሙኒየም ሽሮን ከሥር ያሳርራል።

ስለ ሲሊንደሩ ሒሳቡን እንሥራው። 2 ኪሎ ዋት የሆነ ምድጃ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሰዓት ወደ 145 ግራም ጋዝ ይፈጃል። አራት ሰው በቀን በድምሩ የሁለት ሰዓት ሙሉ እሳት ቢጠቀም 290 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ባለ 3 ኪሎው ወደ 10 ቀን፣ ባለ 6 ኪሎው ወደ 20 ቀን ያደርሳል። ቦታ ካለዎት ግን ባለ 6ቱን እንመርጣለን፤ ምክንያቱ የቀኑ ብዛት ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሲሊንደሩን ራሱን ያቀዘቅዘዋል። ትንሽ ሲሊንደር በብርድ ሁለት ምድጃ ባንድ ጊዜ ሲጎትትበት ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥርና ነበልባሉ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከመኪናው ውስጠኛ ክፍል ፈጽሞ የተለየ፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ሣጥን ይሠራለት። የሣጥኑ ወለል ወደ መሬት ይበሳ፤ ግድግዳው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ለዚህ አይጠቅምም። ቀዳዳው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ሲሊንደሩ ቆሞ በቀበቶ ይታሰር። ከተኛ በጋዙ ፋንታ ፈሳሹ ወደ ምድጃው ይሄድና እሳቱ እስከ ጣሪያ ይነሣል። የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ከሲሊንደሩ አፍ ጋር የሚገጥም ይሁን፤ የሚወጣው ግፊትም ምድጃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጎማው በቆርቆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳውን በጎማ ቀለበት ያልብሱት፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ቆርቆሮ ጎማን እንደ መጋዝ ይበላል። ሁለቱ ጫፎች በፋሸታ ይጠበቁ። ጎማውን አጠፍ አድርገው ሲያዩት ከተሰነጣጠቀ ያለ ክርክር ይቀየር። ከእያንዳንዱ ሻካራ መንገድ በኋላ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይቀቡ፤ ከተኩረፈረፈ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካዩ ይሽሹ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሲሊንደሩ ከአፉ ይዘጋ።

ነበልባሉ ደጋ ላይ ጫፉ ቢጫ እየሆነ ድስት ካጠቆረ አየር አንሶታል ማለት ነው። ከምድጃው ሥር ያለችውን የአየር ቀለበት ሰማያዊ እስኪሆን ከፈት ያድርጓት። ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ፣ ኖዝሉ፣ ቆሽሾ ከሆነ በነፋስ ይጸዳ እንጂ በመርፌ አይነካካ፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ አይመለስም።

ጥያቄ፦ በሻንጣ የሚመጣ፣ የጣሳ ጋዝ የሚጎርስ አንድ ምድጃ አለኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ እንደ ጉድ ይነዳል። ጓሳ ግን ጠዋት ጠዋት ጣሳው ግማሽ ሆኖ እያለ እሳቱ ይሞታል። ጣሳው ነው የተበላሸው ምድጃው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ብርዱ ነው። እነዚህ ጣሳዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ቡቴን ነው፤ ቡቴን በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ከፍታው ይህን ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ ትንሽ ይረዳዎታል። ነገር ግን ጣሳው ሲሠራ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ያቺ እርዳታ ቶሎ ታልቃለች። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ጣሳ ካገኙ እሱን ይግዙ፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል።

ካላገኙ ጣሳውን ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ደግሞ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው ያሙቁት። እሳት አጠገብ ማሞቅ አይታሰብም። አንድ ሙሉ ጣሳ 220 ግራም ገደማ ስለሆነ በትልቅ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ቢያደርስ ነው፤ ለሁለት ቀን ጉዞ ከአራት ያነሰ አይያዙ።

ከዚህ የሚከፋ አደጋ ግን አለ። በዚህ ምድጃ ላይ ሰፊ መጥበሻ ወይም ትንሽ ምጣድ የሚጥዱ ሰዎች ጠርዙ የጣሳውን ክዳን እንደሚሸፍን አያስተውሉም። ሙቀቱ ከምጣዱ ተመልሶ ጣሳውን ያግለዋል፤ ጣሳውም ይፈነዳል። ሁለት ምድጃ አጋጥሞ አንድ ትልቅ ብረት ላያቸው ላይ መጣድም ያው ነው። ነፋስ ለመከላከል ዙሪያውን በቆርቆሮ ማጠርም እንዲሁ። ድስቱ ከምድጃው መደገፊያ ብዙም የማይወጣ ይሁን፤ ለነፋሱ መኪናውን ራሱን አዙሮ ማቆም ይበቃል። ጓሳ ውስጥ ሣሩ ደረቅ በሚሆንበት ወቅት ምድጃውን መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ ጠረጴዛ ይያዙ። ምግብም ሜዳ ላይ ትተው ዞር አይበሉ፤ ጭላዳ ሳያስፈቅድ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያለ ትኩስ እንጀራ አልጓዝም ብላለች። ኮስተሩ ላይ 200 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ገጥሜያለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል? ካልሆነስ ኢንዳክሽን ምድጃ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ምጣዱን ይርሱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ 290 አምፒር ነው፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚበላውን ሳንጨምር። ባትሪዎ በጠቅላላ የሚይዘው 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ምጣዱ በየመሀሉ ቢያርፍም እንኳ ገና አክንባሎው ሳይወርድ ባትሪው ራሱን ለመከላከል ሊያጠፋ ይችላል።

ኢንዳክሽን፣ ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያግለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ይቻላል፤ ግን በልክ። 1,800 ዋት የሆነው ለ40 ደቂቃ ቢሠራ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ኢንቨርተሩ ከሚያባክነው ጋር ወደ 1.4 ይደርሳል፤ የባትሪው ግማሽ አለፈ ማለት ነው። ገመዱ አጭርና ወፍራም፣ 70 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ይሁን፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይግባ። ማግኔት የማይስበው ዕቃ ኢንዳክሽን ላይ አይሠራም፤ የሸክላ ድስትና ጀበና፣ ተራ አልሙኒየምም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ደብረ ሲና ብዙም አይታይ ይሆናል እንጂ፣ ወደ መንዝ ሲወጡ ሌላ ነገር ይመጣል። ሊቲየም ባትሪ ራሱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቢሞላ ሴሎቹ ይጎዳሉ። በብርድ መሙላትን የሚከለክል መቆጣጠሪያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ባትሪውንም ከመኪናው ሥር ሳይሆን ውስጥ ያድርጉት።

ለባለቤትዎ የምናቀርበው ማስታረቂያ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀን እንጀራ ከቤት ይያዝ፣ ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ ይፈርፈር። ትኩስ ነገር ካማራቸው 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም የብረት መጥበሻ ላይ ቂጣ በጋዝ ይጋገራል።

ጥያቄ፦ ሮቢት ላይ የሚበስል ሽንብራ ደጋ ስንወጣ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እሳቱን ብንጨምርም ለውጥ የለም። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከሚፈላበት በላይ አይሞቅም። ውሃ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ላይ 96 ዲግሪ ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ90 እስከ 91፣ ጓሳ ላይ 89 አካባቢ ነው። ሽንብራው የሚበስለው በዚያ ሙቀት ነው።

መፍትሔው እንፋሎቱን አምቆ የሚያበስለው ድስት፣ ፕሬሸር ኩከር፣ ነው። ለደጋ መንገድ ከሁለተኛው ምድጃ ይልቅ እሱ ይበልጣል ብንል አላጋነንም። ደብረ ብርሃን ላይ ውስጡ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ባሕር ጠለል ላይ ከሚደርስበት 120 ስለሚያንስ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሲሶ ያህል ይጨምሩ። ለአራት ሰው 5 ሊትር ይበቃል። ሽንብራውን ማታ ክዳኑ በሚጠበቅ ዕቃ ዘፍዝፈው ይሂዱ፤ መንገዱ ራሱ ያለሰልሰዋል።

ክክና ምስር አረፋ ስለሚያበዙ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ድስቱን ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት፣ ቀዳዳውንም ከመጣድዎ በፊት ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት። ሽሮ ግን በዚህ ድስት አይሠራም፤ ወፍራም ስለሆነ እንፋሎት ሳይፈጥር ከሥር ያርራል። ለሽሮ ተራው ድስት፣ ክዳን ገጥሞ፣ ትዕግሥት ጨምሮ።

በነገራችን ላይ ሮቢት ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ የዘይት ወይም የእርጎ ዕቃ ደጋው ጣርማ በር ላይ ሲከፈት ይረጫል። ውስጡ የቀረው የቆላ አየር ስለሆነ ነው። ቀስ ብለው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ማታ ላቀች ምድጃ ላይ አብስለን ፍሙን መኪና ውስጥ ብናስገባው ለሙቀት ይሆናል? መስኮት ትንሽ እንከፍታለን። (ከአንኮበር)

መልስ፦ አይሆንም። ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ትንሽ የተከፈተ መስኮት አያድንም። የጋዝ ምድጃንም ለማሞቂያ አያንድዱ። በምታበስሉበት ጊዜም አንድ ክፍተት ከላይ፣ አንድ ከታች ይኑር። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ገዝታችሁ በምትተኙበት ከፍታ ስቀሉት። ለብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አለ።

ጥያቄ፦ ጀበና በጋዝ ምድጃ ላይ አልቆም አለኝ፤ አንዱም ተሰነጠቀብኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቂጡ ድቡልቡል ስለሆነ የምድጃው ጣቶች አይዙትም። ብየዳ ቤት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀለበት፣ ከሥሩ ሦስት አጫጭር እግር ያለው፣ ያሠሩ። እግሮቹ የምድጃውን ጣቶች የሚቆነጥጡ ይሁኑ፤ መኪናው በትንሹ ቢያጋድልም አይንሸራተትም። መሰንጠቁ ደግሞ ከነበልባሉ ነው። ባዶ ወይም እርጥብ ጀበና በትልቅ እሳት አይጣድም፤ ውሃ አድርገው በዝቅተኛ ይጀምሩና ሲሞቅ ይጨምሩ። ከወረደ በኋላም ቀዝቃዛ ብረት ወይም እርጥብ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ማቶቱን ከመኪናው አይለዩት። ቡናውን ግን ውጭ ይቁሉት፤ የጭስ ማንቂያ ገጥመው ከሆነ ውስጥ ሲቆሉ መጮኹ አይቀርም፣ አንዳንዱ ሰውም ባትሪውን ነቅሎ እዚያው ይረሳዋል።