«ቅጠል በጣሽ ልትሆኚ ነው?»

ዘንድሮ በባዮሎጂ የተመረቀች የአራት ኪሎ ልጅ ጽፋልናለች። ዕፅዋት፣ በተለይ ቅጠል ትወዳለች። ወንድሟ ግን «ቅጠል በጣሽ ልትሆኚ ነው?» እያለ ያሾፍባታል። ጥያቄዋ፦ «በዚህ እንጀራ ይበላል ወይ?»

እህቴ፣ ይበላል። ግን ዛፍ አይተሽ ስሙን መጥራት መቻል አለብሽ። ዲግሪ ይዘው ይህን የማይችሉ ብዙ ልጆች አጋጥመውኛል።

ከሰፈርሽ ጀምሪ። ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ነጭ ባሕር ዛፍ ፈልጊ። የለጋው ቅጠል ሰፊ ነው፤ አመድማ ሰማያዊ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ። ያደገው ዛፍ ላይ ያለው ግን እንደ ማጭድ ቀጥኖ ይንጠለጠላል። ላላወቀ ሰው ሁለት የተለያየ ዛፍ ነው። ሁለቱንም ገልብጠሽ እዪ፣ አሽተሽ አሽትቺ።

ከዚያ መሰብሰብ ጀምሪ። አንድ ቅጠል ብቻ አይበቃም፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቀንበጥ ይሁን። በጋዜጣ መሃል አድርገሽ ክብደት ጫኚበት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአገሬውን ስም ጻፊ። ስሙን የሚነግሩሽ ደግሞ ወንድምሽ የሚያሾፍባቸው ባለመድኃኒቶች ናቸው። በአክብሮት ጠይቂያቸው።

ሃያ ሠላሳ ናሙና ሲሞላልሽ እዚያው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት ቤት) ይዘሽ ሂጂ። አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏት፤ እነሱን መለየት የምትማሪው እዚያ ነው። ያለ ክፍያም ቢሆን «ላግዝ» በይ። እኔ ብሆን ሲቪ ከመበተን ይህን አስቀድም ነበር።

ሥራው የት ነው? ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እና የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የታወቁ ናቸው። አዋጅ 299/1995 ደግሞ ብዙ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። የሚያጠኑት አማካሪ ድርጅቶች ዕፅዋቱን በስሙ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ።

ችግኝ ጣቢያና የአረንጓዴ ልማት ሥራንም አትናቂ። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ ዳር እዪው፤ ያ ሁሉ ተክል ተንከባካቢ ይሻል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ውኃ ይጨምራል። አንቺ ግን የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዪ። ከታች ያለው አሮጌው ከቀደመ ናይትሮጅን አንሶት ሊሆን ይችላል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ጠርጥሪ። ቀጣሪ ፊት ይህን በአንድ ችግኝ ላይ ብታሳዪ ከወረቀትሽ በላይ ይናገርልሻል።

ናሙናው የተጫነበትን ጋዜጣ በየቀኑ መቀየር እንዳትረሺ። እርጥበት ካለበት ናሙናው ይሻግታል።