ኳርተርባክ ለመመዘን ሄልሜት ማድረግ ግድ አይደለም

የዛሬው ደብዳቤ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የስታቲስቲክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሜሪካ የመጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። ከኮሌጅ ወደ ኤን ኤፍ ኤል የሚገቡ ኳርተርባኮችን የሚመዝን ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ግን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቼ አላውቅም። ‹ሳትጫወት ማን ይሰማሃል?› ይሉኛል። ትልልቆቹ ቡድኖች ራሳቸው ሲሳሳቱ ሳይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ዕድል ነው እንዴ እላለሁ። አባቴ ‹ጨዋታ እያየህ ልትኖር ነው?› ይላል። እናቴ ነርሲንግ ግባ ትላለች፤ እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል። የስፖርት ማኔጅመንት ማስተርስ ብማርስ? አባቴ ቢቆጣም እቁቡ ሲደርሰው እንደሚከፍልልኝ ነግሮኛል። አነጋገሬም ያሳስበኛል። የጻፍኩትን ግምገማ አያይዣለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

እሺ ልጄ። ምን ልማር ብሎ የሚጽፍልኝ ሞልቷል። ሥራውን ጀምሮ አያይዞ የሚልክልኝ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፤ አንዳንዱም ይቆረቁርሃል።

ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ኳርተርባክ ኳሱን ተቀብሎ፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ተጫዋች ነው። ድራፍት የሚባለው ደግሞ የኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ 32ቱ ቡድኖች በየዓመቱ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር፣ በየተራ የሚመርጡበት ነው። ቀደም ያለ ተራ ውድ ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ሳትጫወት ማን ይሰማሃል» ለሚሉህ ሰዎች የሳን ፍራንሲስኮን ጉዳይ አስታውሳቸው። የከተማዋ ቡድን፣ የፎርቲናይነርስ፣ ጄኔራል ማናጀር ጆን ሊንች ተራ ተጫዋች አልነበረም፤ በ2021 ወደ ፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ (ሆል ኦፍ ፌም) የገባ ተከላካይ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ ከ12ኛ ተራ ወደ 3ኛ ለመውጣት የቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሰጠ፤ በላዩ ላይ አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ጨመረ። በዚያ ሁሉ ትሬይ ላንስን ወሰደ። ላንስ በኮሌጅ በቋሚነት የገባው በ17 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት የተጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በቋሚነት የጀመረው አራት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፣ በ2023 በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ተለውጦ ወደ ዳላስ ሄደ።

ይኸው ቡድን በ2022 የድራፍቱን የመጨረሻ ተጫዋች፣ 262ኛውን ወሰደ። ብሮክ ፐርዲ ይባላል። አይዋ ስቴት ላይ አራት ዓመት የተጫወተ፣ ቁመቱም ክንዱም ማንንም የማያስደነግጥ ልጅ። በየካቲት 2024 ቡድኑን ለሱፐር ቦል፣ ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አደረሰ። አሠልጣኙ ያው፣ ማናጀሩ ያው።

አሁን «አየህ፣ ዕድል ነው» ልትለኝ ነው። ግምገማህም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ፐርዲን እስከ 262 ድረስ ያስጠበቃቸው ብቃቱን አለማወቃቸው ነው፤ ቢያውቁ ኖሮ አይጠብቁም ነበር። ግን ባለማወቅና በዕድል መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ሥራህ ያለው እዚያ መካከል ነው።

ቡድኖቹ የሚያምኑትን ተመልከት። ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ሲመረጥ 40 ያርድ የሮጠው በ5.28 ሰከንድ ነበር፤ ቀርፋፋ ነው። ሰባት ሱፐር ቦል አሸነፈ። ጆ ቡሮው በ2020 እጁ ተለክቶ 9 ኢንች ብቻ ሲሆን ትንሽ ነው ብሎ አገር ጉድ አለ። በ2023 የሲ ጄ ስትራውድ የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ውጤት ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሾልኮ ወጣ፤ ስትራውድ በዚያው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች ምርጡ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። እነዚህ ነገሮች የሚለኩት ለመለካት ስለሚመቹ ነው። ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ዴቪድ ቤሪና ሮብ ሲመንስ፣ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ የተመረጠ ኳርተርባክ ብዙ ዕድል ይሰጠዋል እንጂ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሲመዘን ከሌላው ያን ያህል አይበልጥም ብለዋል። ይህን የናሙና አድልዎ ክፍል ውስጥ ተምረኸዋል፤ ውጤቱን የምናየው እንዲጫወት የተፈቀደለትን ሰው ብቻ ነው።

ወደ ግምገማህ እንምጣ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስለ አንዱ ልጅ «ክንዱ ብርቱ፣ መሪነት በደሙ ያለ፣ በጭንቅ ሰዓት የማይደናገጥ» ትላለህ። ይህ የሰርግ ንግግር ነው። ሙሽራውን ያላየው ሰውም ያደርገዋል።

ይልቅ እንዲህ ጻፍ። ሦስተኛ ሙከራ ነው፤ ቡድኑ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 9 ያርድ ይቀረዋል። የግራ ጠባቂው ተሸነፈ፣ የመጀመሪያው ተቀባይ ተሸፍኗል። የልጁ ዓይን የት ሄደ? ወደሚመጡበት ተከላካዮች ወረደ ወይስ ሜዳው ላይ ቆየ? እግሩ ወደ ፊት ረገጠ ወይስ ወደ ኋላ ሸሸ? ኳሱን ወርውሮ ተገላገለ ወይስ ይዞ ወደቀ? እንዲህ ያሉትን አጋጣሚዎች ከመላው የውድድር ዓመት ሰብስብና ቁጠር። ጫና ሲደርስበት ስንት ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጣለ? ተንታኞች ደጋግመው እንዳዩት ይህ ጠባይ ልጁን ተከትሎት ወደ ኤን ኤፍ ኤል ይገባል። በተጣለ ቁጥር ከፊቱ ቆመው በሚጠብቁት ተጫዋቾች ድክመት ማሳበብ ቀላል ነው፤ አንተም ሁለት ቦታ አድርገኸዋል።

ከዚያ ልጁን ከአካባቢው ለይ። ይህ ዋናው ነው። ከኳሶቹ ስንቱ አጭር የጎን ቅብብል ነው? 68 ከመቶ አሳካ ስትል ግማሹን ተቀባዩ ሮጦ ያመጣው ሊሆን ይችላል። የሜዳውም ነገር አለ። ኳስ የሚቀመጥባቸው የውስጥ መስመሮች በኮሌጅ በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በኤን ኤፍ ኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ። በኮሌጅ አንደኛው ጎን ሰፍቶ የሚገኘው ባዶ ቦታ ፕሮፌሽናሉ ጋ የለም። ግምገማህ ውስጥ ይህን አላየሁትም።

በ2006 ዴቪድ ሊዊን የተባለ ተንታኝ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሚመረጡት ልጆች የሚሳካለትን የሚለየው በቋሚነት የተጫወቱት ጨዋታ ብዛትና ያሳኩት ቅብብል መቶኛ ነው ብሎ ነበር። በ2017 ቺካጎ ከፓትሪክ ማሆምስ አስቀድማ በ2ኛ ተራ የወሰደችው ሚቸል ትሩቢስኪ በኮሌጅ በቋሚነት የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነው፤ እንደታሰበው አልሆነም፤ ለዚያ ሕግ ጥሩ ምስክር ነው። ጆሽ አለን ግን ዋዮሚንግ ላይ 56.2 ከመቶ ብቻ አሳክቶ የ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። አሁን ደግሞ ልጆች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በነፃነት ይዘዋወራሉ፣ ኮሌጅ እያሉም ይከፈላቸዋል፣ ብዙ ይቆያሉ። ቦ ኒክስ 61፣ ጄደን ዳንኤልስ 55 ጨዋታ ጀምረው ነው በ2024 የተመረጡት። በ2006 «ብዙ» የነበረው ዛሬ መካከለኛ ነው። የድሮውን ሕግ ለዛሬው ዘመን ማረም የአሠልጣኝ ሥራ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሰው ሥራ ነው፤ የአንተ።

እኔ እንጀራዬን የበላሁት ኢንሹራንስ ውስጥ ነው። ማን መኪናውን እንደሚያጋጭ ማንም አያውቅም፤ ከመቶ ስንቱ እንደሚያጋጭ ግን ቀድመህ በጽሑፍ ታስቀምጣለህ። ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይወጣል፣ ማን ጥሩ እንደገመተ ይታያል። ስለዚህ «ይሳካለታል»፣ «አይሳካለትም» የሚለውን ተወው። «በአራት ዓመት ውስጥ ቋሚ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 35» በል። ከድራፍቱ በፊት፣ ቀን ጽፈህበት፣ ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጠው። ሦስት ድራፍት እንዲህ ካደረግህ ስትገምትበት የነበረው መዝገብ ይናገርልሃል። ያን ጊዜ ተጫውተህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅህ አይኖርም።

መግቢያው በር ሁለት ነው። አንደኛው ስካውትነት፣ ማለትም እየዞሩ ተጫዋች የመመልመል ሥራ ነው። ከረዳትነት ትጀምራለህ፤ እንግዳ ከኤርፖርት ታመጣለህ፣ ቪዲዮ ትቆርጣለህ፣ ደሞዙ ትንሽ ነው። ከፍ ስትል መኸሩን ሙሉ መኪናና ሆቴል ውስጥ ነህ። ቤተሰቡ እያገዘው የሚችለው ይችለዋል፤ አንተ ግን ራስህ ቤተሰብ የምታግዝ ልጅ ነህ። ሁለተኛው የመረጃ ትንተና ነው። ሊጉ በየዓመቱ ቢግ ዳታ ቦል የሚባል ውድድር ያዘጋጃል። የተጫዋቾች እንቅስቃሴ በትከሻቸው መከላከያ ውስጥ ባለ ቺፕ ይመዘገባል፤ መረጃውን ይሰጡህና ትተነትናለህ። ከዚያ ወጥተው ቡድኖች ዘንድ የተቀጠሩ አሉ። እኔ ይህኛውን እመርጥልሃለሁ።

ክዌሲ አዶፎ-ሜንሳህን ፈልገህ አንብብ። ወላጆቹ ከጋና ናቸው። ኮሌጅ የተጫወተው ቅርጫት ኳስ ነው፤ ከዚያ ዎል ስትሪት ነጋዴ ሆነ። በ2013 ፎርቲናይነርስ የምርምር ክፍል ገባ፤ በ2022 የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጄኔራል ማናጀር ሆኖ ተሾመ።

ግን ቡድኑ 32 ብቻ ነው። ስትመረቅ ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም ሆስፒታል የመረጃ ሥራ ያዝ። ደሞዝ ይግባ፣ ኳርተርባኩ ማታና ቅዳሜ ይሁን።

ማስተርሱን ተወው። የያዝከው ዲግሪ ይበልጠዋል። የአባትህን እቁብ ደግሞ አትንካ! ያ ብር በሌሊት ታክሲ ይሁን በሌላ፣ በላብ የመጣ ነው፤ አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ ያሳደገ ሰው ለጥርጣሬህ መክፈል የለበትም። አባትህ «ጨዋታ ማየት» ሲል ተሳስቷል። ስለ ገንዘቡ ሲጨነቅ ግን ልክ ነው።

እናትህን አክብር፣ ነርሲንግ ግን አትግባ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነርስ ስለሆነ ደም የሚያዞረው ሰው ታማሚ አጠገብ መቆም የለበትም። «አስብበታለሁ» እያልክ ዓመት መግፋትህንም ተው፤ ቁርጡን ንገራት።

አነጋገርህን እርሳው፤ ሪፖርት የሚነበብ ነገር ነው።

ድራፍቱ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኳርተርባክ ብቻ ምረጥ፤ ጫና ሲደርስበት ያደረገውን ቆጥረህ፣ ዕድሉን በመቶኛ አስቀምጠህ በሁለት ገጽ ላክልኝ። «መሪነት» የሚል ቃል ካየሁበት ሳላነበው እመልሰዋለሁ።