ተቀባዩ ከተጣጠፈ የራሱን ከባዕድ እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት የተማርነው፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ባዕድ አካልን የሚለየው ቁልፍ ከጓጉንቸሩ ጋር እንደሚገጥም ሆኖ ነው ተብሎ ነበር። በቅርቡ ግን የሕዋሱ ተቀባይ፣ ማለትም በገጹ ላይ ሆኖ ባዕዱን የሚይዘው ፕሮቲን፣ እንደሚተጣጠፍና ቅርጹን እንደሚለዋውጥ አነበብሁ። ቅርጹ ካልጸና እንዴት ሳይሳሳት ይሠራል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የቁልፍና የጓጉንቸር ምሳሌ የጀርመናዊው ኬሚስት የኤሚል ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የተናገሩትም ስለ ኢንዛይሞች እንጂ ስለ በሽታ መከላከያ ሕዋሳት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ዳንኤል ኮሽላንድ ኢንዛይሙ ራሱ በሚይዘው ነገር ልክ እንደሚስተካከል አስረዱ። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ተቀባይም፣ ብርጭቆ ሲያነሣ እንደሚታጠፍ እጅ ቢታሰብ ይሻላል።

ይህ ተቀባይ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ስድስት ቀለበት መሰል እጥፋቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ መካከለኞቹ ሁለቱ ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ በሌላ ሕዋስ ገጽ ላይ ኤችኤልኤ በሚባል ፕሮቲን ተይዞ የሚቀርበውን አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ ማለትም ፔፕታይዱን፣ በዋናነት የሚዳስሱትም እነርሱ ናቸው። ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ብቻ ዘጠኝ እየተሰካኩ የሚሠሩ ፔፕታይዶች 512 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ የተለየ ተቀባይ ቢያስፈልግ ኖሮ፣ የሚበቃውን ያህል ሕዋስ ሰውነታችን ሊሸከም ባልቻለ ነበር። እንግሊዛዊው ዶን ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ስሌት አንድ ተቀባይ ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጡ ፔፕታይዶች ምላሽ ሊሰጥ እንደሚችል ገምተዋል፤ መተጣጠፉ ይህን ከሚያስችሉት ነገሮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ መተጣጠፍ ዋጋ ያስከፍላል። ሲወዛወዝ የነበረ እጥፋት ፔፕታይዱን ለመያዝ በአንድ ቅርጽ መቆም አለበት፤ ይህን ነጻነት ማጣቱ ደግሞ ከመያዣው ጉልበት ላይ ይቀነሳል። ስለዚህም የቲ ሴል ተቀባይ አያያዝ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፤ በደንብ ከበሰለ ፀረ እንግዳ አካል (ባዕድን የሚይዝ የደም ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ) ጋር ሲነጻጸር በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያንስ ይችላል። ፀረ እንግዳ አካላት በተከታታይ የዘር ለውጥ እየተጣሩ ሲበስሉ፣ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው ይልቅ ግትር ሆነው እንደሚገኙ ታይቷል፤ የቲ ሴል ተቀባይ ግን በዚህ ዓይነቱ ማብሰል ውስጥ አያልፍም።

ስለ ስሕተት ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። የራስን አካል አጥብቀው የሚይዙ ቲ ሴሎች አብዛኞቹ ደረት ውስጥ በሚገኘው የታይመስ ዕጢ ሳሉ ይወገዳሉ፤ የቀሩት ደካማ አያያዝ ስላላቸው የማይመለከታቸውን ፈጥነው ይለቃሉ። ይህ ማጣሪያ ሲታለፍ ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሪፖርቶች ያሳያሉ። ሜጅ-ኤ3 የሚባል የካንሰር ፕሮቲን ቁራጭን አጥብቆ እንዲይዝ በላቦራቶሪ የተጠናከረ ተቀባይ ያላቸው ቲ ሴሎች ለታካሚዎች ተሰጥተው፣ ሁለቱ በቀናት ውስጥ ልባቸው ተጎድቶ ሞቱ። ተቀባዩ በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለውን የታይቲን ፕሮቲን ቁራጭም ይይዝ ነበር፤ ሁለቱ ቁራጮች ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶቻቸው አምስቱ አንድ ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ መተጣጠፍን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም፤ በኋላ የተደረገው የቅርጽ ጥናት ሁለቱ ፔፕታይዶች በኤችኤልኤው ላይ ሲቀመጡ እጅግ እንደሚመሳሰሉ አሳይቷል፤ በታይመስ ያልተፈተነው የተቀባዩ ጥንካሬም ይህን መመሳሰል ወደ አደጋ ለውጦታል።