ታክሜም «ፖዘቲቭ» ይለኛል፣ አልዳንኩም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ቂጥኝ ተገኘባት። እኔም ተመረመርኩ፣ ወረቀቴ ቪዲአርኤል (የቂጥኝ የደም ምርመራ) 1:32 ይላል። ሁለታችንም መርፌውን ወሰድን። ከሦስት ወር በኋላ ልቤ አላርፍ ሲለኝ ደሴ ወጥቼ ሌላ ላብራቶሪ ገባሁ። አርፒአር 1:16፣ ቲፒኤችኤ ፖዘቲቭ አሉኝ። ጓደኛዬ «ደምህ ውስጥ ቀርቷል፣ መርፌውን ድገመው» ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ? ለልጃችንስ አያሰጋም?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ወረቀቶችህ አልዳንክም አይሉም። ድነሃልም አይሉም፣ ገና ነው።

መጀመሪያ ቲፒኤችኤውን እንተወው። እሱ የሚፈልገው ሰውነትህ የቂጥኝን ባክቴሪያ ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ይሄ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ ከዳነ በኋላም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራም እንደዚሁ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ብትመረመርም ፖዘቲቭ ሊልህ ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቪዲአርኤል በወባም በእርግዝናም ሳቢያ በውሸት ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ቂጥኙ የእውነት መሆኑን ያረጋግጥልሃል። ለክትትል ግን አይሆንም፣ ብርህን አታባክን።

ለክትትል የሚያገለግለው የቪዲአርኤል ወይም የአርፒአር ቁጥሩ ነው። ባለሙያው ሴረሙን (ከደምህ የሚለየውን ፈሳሽ) በየጊዜው በእጥፍ እያቀጠነ ይሞክረዋል፦ 1:2፣ 1:4፣ 1:8 እያለ ይሄዳል። ምላሽ የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት ቲተር ይባላል። ከ1:32 ወደ 1:16 መውረድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፣ ያው ደም በድጋሚ ቢሠራ እንኳ ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። መድኃኒቱ ሠርቷል የሚያስብለው ሁለት እርምጃ ሲወርድ ነው። ከ1:32 ተነስተህ 1:8 ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ይሄም ጊዜ ይፈልጋል። በሽታው አዲስ ከነበረ እስከ 12 ወር፣ የቆየ ከነበረ እስከ 24 ወር ይጠበቃል። በሦስት ወር ፍርድ አይሰጥም።

ደግሞ አንተ ያወዳደርከው ቪዲአርኤልን ከአርፒአር ጋር ነው! የሁለቱ ቁጥር አይነጻጸርም፣ አርፒአር ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ መሄድ ሳያስፈልግህ መጀመሪያ የተመረመርክበት ቤት ሄደህ ያንኑ ምርመራ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር አሠራ። «ሪአክቲቭ» ብቻ ጽፈው ከሰጡህ አትቀበል፣ ቲተሩን በቁጥር ጻፉልኝ በል። የድሮውን ወረቀት አትጣል።

አንዳንድ ሰው በደንብ ታክሞም 1:2 ወይም 1:4 ላይ ቀርቶ ለዓመታት ይቆያል። ይሄ ብቻውን መርፌ አያስደግምም። የሚያሳስበው ቁጥሩ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አዲስ ቁስል ወይም ሽፍታ ሲመጣ፣ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ወይም የጆሮ ችግር ሲኖር ነው። ያኔ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። ቁጥሩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሰውዬው እንደገና ስለተያዘ ነውና፣ ከሁለታችሁ ውጪ ሌላ ሰው ካለ (አልፈርድብህም) እሱም ይታከም።

አንድ ነገር አልጻፍክም፣ ስንት መርፌ ወሰዳችሁ? ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለአዲስ ቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንዴ ይበቃል። የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ ግን በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ነው። ካርዳችሁን አይታችሁ የጎደለ ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያው ሂዱ፣ ለጓደኛህ ምክር ሳይሆን ለዚህ ነው መቸኮል ያለብህ።

ባለቤትህ ጋ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። ለነፍሰ ጡር ከፔኒሲሊን ውጪ የሚታመን መድኃኒት የለም፣ አለርጂ ካለባትም ሐኪም ቤት በክትትል ይሰጣታል እንጂ በሌላ ክኒን አይተካም። ሕክምናዋ ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መጀመር አለበት። ስትወልድ የመጀመሪያዋንም የኋላዋንም ወረቀት ይዛ ትግባ፣ የሕፃኑ ቲተር የሚመዘነው ከእናቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው።