ብክለት በቧንቧ ውስጥ እንዴት ይጓዛል? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

በመጠጥ ውኃ መስመሮች ውስጥ የሚገባ ብክለት የሚጓዝበትን መንገድ በኮምፒውተር ሞዴል ስለማስላት ከአንባብያን ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ።

ኮምፒውተሩ ቆሻሻው በየትኛው ቧንቧ እንደሄደ በምን ያውቃል? (የምህንድስና ተማሪ)

የሚከተለው ቆሻሻውን ሳይሆን ውኃውን ነው። የየቧንቧው ርዝመትና ስፋት፣ የመሬቱ ከፍታና በየሰዓቱ የሚቀዳው መጠን ከተሰጠው በእያንዳንዱ ቧንቧ ውስጥ ያለውን ፍሰት ያሰላል፤ ከዚያም የሟሟው ነገር ከውኃው ጋር እኩል እንደሚጓዝ፣ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታም ውኃዎቹ ፈጽመው እንደሚደባለቁ ይወስዳል። 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ ቧንቧ እንውሰድ። ጠዋት ሁሉም ሰው ሲቀዳ ውኃው በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሌሊት ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ያው መንገድ ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ብክለቱ መቼ ገባ የሚለው ጥያቄ የት ገባ ከሚለው አያንስም።

ሰዎች ከታመሙ በኋላ ወደ ኋላ ተሂዶ ምንጩን ማግኘት ይቻላል? (የጤና ባለሙያ)

ይቻላል፤ ተደርጎም ያውቃል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ጊዲየን በተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 መገባደጃ የሳልሞኔላ (ተቅማጥ የሚያስከትል ባክቴሪያ) ወረርሽኝ ተነሥቶ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ 7 ሰዎች ሞተዋል። የከተማዋ ውኃ በክሎሪን አይታከምም ነበር። ነዋሪዎች ውኃው ጣዕምና ሽታ አመጣ ብለው ስላማረሩ፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧዎች ሁሉ ተከፍተው መስመሩ ታጠበ። መርማሪዎቹ ያንን ዕለት በሞዴል ደግመው ሲያሰሉት፣ እጥበቱ በርግብ ኩስ የተበከለ ማጠራቀሚያን ውኃ ወደ መስመሩ እንደ ሳበው፣ ያ ውኃ ቀድሞ የደረሰባቸው ሰፈሮችም መጀመሪያ ሰዎች ከታመሙባቸው ጋር እንደሚገጥሙ አዩ። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ጥፋቱ የመጣው ውኃውን ለማጽዳት በተወሰደው እርምጃ መሆኑ ነው።

እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲለቀቅ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ሞዴሉ ይህን ያሳያል? (የአዲስ አበባ ነዋሪ)

ከደረሱኝ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የተለመዱት ሞዴሎች ቧንቧው ቀንና ሌሊት በውኃ የተሞላና ግፊት ያለው ነው ብለው ይነሣሉ፤ የፈረቃ መስመር ግን ይጎድላል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይሞላል። ውኃው በኃይል ተመልሶ ሲገባ በቧንቧው ግድግዳ የተጣበቀውን ዝገትና የረጋውን ደለል ያነሣዋል፤ ቡናማው ቀለም በአብዛኛው ይህ ነው። የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። ግፊት ሳለ ውኃ ወደ ውጭ የሚያፈስ ስንጥቅ፣ ግፊቱ ሲጠፋ በዙሪያው ያለውን እርጥበት፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሰረገውንም ጭምር፣ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከመስመሩ በቀጥታ በፓምፕ የሚስብ ጎረቤት ካለም ይብሳል። በእኔ እምነት ለፈረቃ ከተማ ሞዴል የሚሠራ ባለሙያ ከኬሚስትሪው አስቀድሞ በየትኛው ሰፈር፣ ለስንት ሰዓት ግፊት እንደሚጠፋ ቢያሰላ ይበልጥ ይጠቅማል። እርስዎም የመጀመሪያዎቹን ጀሪካኖች ለጽዳት ያውሏቸው፤ ውኃው ከጠራ በኋላም ቢሆን የሚጠጣውን ያፍሉ ወይም በውኃ ማከሚያ ያክሙ፣ መጥራቱ ብቻውን ዋስትና አይደለምና።

ክሎሪን ከማጣሪያ ጣቢያው ተጨምሮ ከወጣ እኛ ጋ ለምን አይገኝም? (ከመስመር ጫፍ የሚኖሩ አባት)

በመንገድ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ክሎሪን በውኃው ውስጥ ካለው ብስባሽ ጋር፣ እንዲሁም ከቧንቧው ግድግዳ ዝገት ጋር እየተዋሐደ ይቀንሳል። በየ24 ሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል ብንል፣ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም ይዞ የወጣ ውኃ በሁለት ቀን 0.2 ላይ ይደርሳል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በማድረሻው ቦታ ቢያንስ እንዲኖር የሚመክረው መጠን ነው። መውጫ በሌለው መስመር ጫፍ ውኃው ይቆያል፣ ያረጃል። የጣሪያው ሮቶ ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ የለም፤ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው አያልፍም።

ፕሮግራሙ ስንት ያስወጣል?

ኢፒኤኔት የተባለውን ፕሮግራም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1993 አውጥቶታል፤ በነፃ ይገኛል፣ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። ውዱ መረጃው ነው። በካርታው ላይ ክፍት የተባለ ቫልቭ በጉድጓዱ ውስጥ ተዘግቶ ከተገኘ፣ ሞዴሉ ብክለቱን ውኃ ወዳልሄደበት ሰፈር ይልከዋል፤ ስለዚህ ገንዘቡንም ጊዜውንም ክዳን እየከፈተ ለሚያረጋግጠው ቡድን ይመድቡ።