ውሃ ልኩን አስቀምጠውና ወረቀት አምጣ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፦ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒዩተር እየተመራ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ከተኛው ጣውላ ስር ያለችው ክፍተት። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? 60 ሴንቲ የሚረዝም ጣውላ ላይ በ90 ዲግሪ ቪ ቢት (ጫፉ እንደ ቪ ፊደል የሾለ መቅረጫ ስለት) ጽሑፍ እየቀረጽኩ ነበር። ግራ በኩል ያሉት ፊደላት ወፍራም ሆነው ወጡ። ወደ ቀኝ ሲሄድ እየቀጠነ መጨረሻው ፀጉር አከለ። ጣውላውን በውሃ ልክ አይቼዋለሁ፣ አረፋዋ መሃል ላይ ነች። ጓደኛዬ "ስሩ ወረቀት ጎስጉስበት" አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አልቀለደም ወንድሜ፣ የቀለደብህ ውሃ ልኩ ነው። ውሃ ልክ የሚነግርህ ጣውላው ከመሬት አንጻር መስተካከሉን ነው። ማሽኑ ደግሞ ስለ መሬት የሚያውቀው ነገር የለም፣ ቢቱ የሚሄደው በራሱ ሐዲድ ነው። ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ ቢቆም እንኳ ጣውላውና ሐዲዱ አብረው እስካዘነበሉ ድረስ ቅርጹ ያምራል። አንተ ማየት ያለብህ የጣውላው ፊት ከቢቱ መንገድ በሁሉም ቦታ እኩል መራቁን ነው።

ቪ ቢት ደግሞ ምሕረት የለውም። ጫፉ ሹል ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ጥልቀቱ ትንሽ ሲለወጥ የመስመሩ ስፋትም አብሮ ይለወጣል። ያንተው ባለ 90 ዲግሪ 2 ሚሊ ሲገባ 4 ሚሊ የሚሰፋ መስመር ያወጣል። ቀኙ ጫፍ 1 ሚሊ ዝቅ ካለ ቢቱ እዚያ የሚገባው 1 ሚሊ ብቻ ነው፣ መስመሩም 2 ሚሊ ይሆናል። ግማሹ በረረ ማለት ነው! በ60 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ለ1 ሚሊ የከፍታ ልዩነት የሚጠፋው ስፋት 1.15 ሚሊ አካባቢ ነበር። ጠፍጣፋ ቢት ላይ ግን የሚሳሳተው ጥልቀቱ ብቻ ስለሆነ ዓይን ቶሎ አይዘውም፣ ምናልባት እስከዛሬ ችግሩ እያለ ሳታየው የቆየኸው ለዚህ ይሆናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ለመለኪያ ሹሉን ቢት ፍታና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ አሮጌ ቢት እሰር። ሞተሩን አታስነሳው። ጣውላውን አንሳና መጀመሪያ ባዶውን ጠረጴዛ ለካ፦ አራቱ ጥግና መሃሉ ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት አድርግ፣ ወረቀቱ ሲጎተት ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ቢቱን በቀስታ አውርደውና ስክሪኑ ላይ ያለውን የዜድ (የከፍታ) ቁጥር ጻፍ። ቁጥሮቹ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ከተለያዩ ጣውላህ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፣ መድኃኒቱም ላዩ የተነጠፈውን ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሰራ ሰሌዳ) በሰፊ ቢት ፊቱን ማስላጥ እንጂ ሺም (ክፍተት ለመሙላት ስር የሚገባ ስስ ነገር) አይደለም። በየስራው ወረቀት እየጎሰጎሱ የተጣመመ ጠረጴዛ ማስታመም የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ጊዜ ማባከን ነው የምለው።

ጠረጴዛው ደህና ከሆነ ጣውላውን መልሰህ ተመሳሳዩን ልኬት ድገም። ቁጥሩን እዚያው ጣውላው ላይ በእርሳስ ጻፈው። ልዩነት ካገኘህ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የጣውላው ውፍረት ከጫፍ ጫፍ እኩል አይደለም (ውፍረት መለኪያው ካሊፐር ይነግርሃል)፣ ወይ ስሩ የሆነ ነገር ገብቷል። ሁለተኛውን አትናቀው። እኔ ራሴ አራት ሰዓት የፈጀ ስራ በአንዲት የጥፍር ውፍረት በሌላት ፍቅፋቂ አበላሽቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሳልጠርግ ጣውላ አላስተኛም።

ውፍረቱ ከሆነ ቀጭኑን ጫፍ በሺም ታነሳዋለህ። ተራ የማተሚያ ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ለልኬት ይመቻል፣ የመጫወቻ ካርታ ደግሞ 0.3 ሚሊ አካባቢ ነው። ጫፉን ብቻ አንስተህ እንዳትተወው ግን። ቀኙን 1 ሚሊ ካነሳኸው መሃሉ አየር ላይ ነው የቀረው፣ ቢቱ ሲጫነው ይረግባል። ስለዚህ መሃል ላይ 0.5፣ ሩቡ ላይ 0.25፣ ሦስት ሩቡ ላይ 0.75 እያልክ ደረጃ በደረጃ ሙላው። ከዚያ ዜድን እንደገና ዜሮ አድርግ። ይቺን የሚረሳ ብዙ ነው፣ ሺሙን በሥርዓት ያስገባና በድሮው ዜሮ ጀምሮ ሲያበላሸው ሺሙን ይረግማል።

ጥያቄ፦ ጣውላዬ ትንሽ የተጠማዘዘ ነበር። ሞርሳውን ጠበቅ ሳደርገው ቀጥ አለልኝ፣ ቅርጹም ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ፈትቼ ሳነሳው ግን ተመልሶ ተጠማዘዘ፣ የቆፈርኩት ወለልም አብሮ ተወላገደ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞርሳው ጣውላውን አላቀናውም፣ ይዞ አስገድዶት ነው የቆየው። እንጨት እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ሲለቁት ወደነበረበት ይሄዳል። ቢቱ ቀጥ ያለ ወለል ቆፍሮልሻል፣ ግን የቆፈረው የታጠፈ ጣውላ ላይ ነው።

መንገዱ ክፍተቱን ተጭኖ መዝጋት ሳይሆን ባለበት መሙላት ነው። ጣውላውን ሳታስሪ አስተኚውና ጥጎቹን በጣት ተጫኚ። የተጠማዘዘ ጣውላ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች ላይ ቆሞ ይወዛወዛል። አንዱን ጥግ እስከ ታች ስትጫኚው ሌላው ለምሳሌ 3 ሚሊ ከተነሳ፣ ሦስቱንም አንድ ጥግ ስር አትክተቺው፣ ለሁለቱ ተንሳፋፊ ጥጎች 1.5፣ 1.5 አካፍይው። ለዚህ ከወረቀት ይልቅ ሽብልቅ ይሻላል። 100 ሚሊ ረዝሞ ከ0 ወደ 3 ሚሊ የሚወፍር ሽብልቅ 10 ሚሊ ስትገፊው 0.3 ሚሊ ብቻ ስለሚያነሳ በጣት ጫፍ ማስተካከል ይቻላል። ሁለት ሽብልቅ ፊትና ኋላ አድርገሽ ካነባበርሻቸው ደግሞ ላያቸው ጠፍጣፋ ይሆናል። መወዛወዙ ሲቆም አቁሚ፣ ከዚያ በላይ ከገፋሽ ጣውላውን እያነሳሽው ነው።

እንደ ጎድጓዳ ሳህን የጎበጠ ከሆነ ጎድጓዳው ወደ ታች ይሁን። በሁለት ጠርዞቹ ጸጥ ብሎ ይቆማል፣ የሆዱን ክፍተት ብቻ ትሞያለሽ። ጉብታው ወደ ታች ከሆነ ግን እንደ እሽሩሩ አልጋ ሲወዛወዝ ይውላል።

ሞርሳውን ልክ ሺሙ ባለበት ቦታ አናት ላይ እሰሪ። ሺም በሌለበት ካሰርሽ ያው ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስሽ። የሞርሳው የኋላ እግር ከጣውላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም፣ ያኔ የሚጫነው በአፉ ነው። ከማጥበቅሽ በፊትና በኋላ አጠገቡ ያለውን ቦታ በቢቱ ለኪ፣ ቁጥሩ ከ0.1 ሚሊ በላይ ከተለወጠ ስር አሁንም ባዶ ቦታ አለ። ጣውላውን በጣትሽ አንጓ ማንኳኳትም ይረዳል፣ ያልተደገፈው ቦታ ድምፁ ቀፎ ቀፎ ይላል።

እንዲህ አድርገሽ የላይኛውን ፊት አስልጪው፣ ገልብጪው፣ አሁን የተላገው ፊት ታች ስለሆነ ያለ ሺም ይተኛል፣ ሁለተኛውንም ፊት አስልጪ። ብዙ ከተላገ አንድ ቀን ይረፍ። እንጨት ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፣ ላዩ ሲገፈፍ ሌላ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። ቅርጹን የምትጀምሪው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ማሽን የጣውላውን ከፍታ በየነጥቡ ነክቶ ካርታ የሚሰራ ሴንሰር አለው። ታዲያ ሺም ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ለጥልቀት የሌለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አያስፈልግህም፣ ካርታው ቢቱን ከፊቱ ጋር ወጣ ገባ ያደርገዋል። ካርታው ግን ጣውላውን ከስር አይደግፍም። ባዶ ቦታ ላይ ያለ ቀጭን ጣውላ ሴንሰሩ በስሱ ሲነካው አንድ ከፍታ ላይ ነው፣ ቢቱ ሲበላው ሌላ። ፍቅፋቂ ወደ ላይ የሚስብ ቢት ከሆነ ጣውላውን ሽቅብ ይስበዋል፣ ወደ ታች የሚገፋው ደግሞ ያረግበዋል። የሚንዘር ድምፅና ሸካራ ጠርዝ ካየህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በሁለቱም ፊት የተቀረጸ ነገር ልሰራ ነው። የመጀመሪያውን ፊት ጨርሼ ስገለብጠው የሚቆምበት የለውም። ስሩ ቀጭን ላሜራ ብደረድርስ?

መልስ፦ ላሜራውን ተወው። ቢቱ አልፎ ቢነካው ሊሰበር፣ ስባሪውም ሊፈናጠር ይችላል። ዓይን ምትክ የለውም። የሺም ወጉ እንጨት፣ ወረቀት፣ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ መሆን ነው፣ እነሱም ቢሆኑ ቢቱ አልፎ ከሚቆርጥበት መስመር ይራቁ።

ለመገልበጡ ከመጀመሪያው አስብበት። በጣውላው ዙሪያ ያልተነካ ጠርዝ እንደ ክፈፍ ተውና ቅርጹን በትንንሽ ድልድዮች ከክፈፉ ጋር አያይዘው። ሲገለበጥ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ክፈፉ ነው። ውስጥ ያለው ቅርጽ ጠረጴዛውን ስለማይነካ የሚሳሳውን ቦታ ስር በቁራጭ እንጨትና በመጫወቻ ካርታ ሙላው። ይንካው እንጂ አያንሳው። ሺሙ በጣት ሲገፋ ያዝ እያደረገ የሚንሸራተት ከሆነ ልክ ነው፣ ክፈፉ ከጠረጴዛው ከተነሳ አንድ ካርታ ቀንስ። በማሽኑ ንዝረት እንዳይሾልክ በወረቀት ስኮች ጠረጴዛው ላይ ለጥፈው። ተመሳሳይ ቅርጽ ደጋግመህ የምትሰራ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ፊት ግልባጭ ኤምዲኤፍ ላይ ቅረጸው፣ ቅርጹ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ካርታ መደርደሩም ይቀርልሃል።