ቬኒስ በኅዳርና በጥር፦ ስለ ጋብቻ በዓል ጉዞ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጣሊያን አገር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ሠርቼ፣ አሁን የጋብቻ በዓላቸውን ለማክበር ለሚመጡ ጥንዶች ጉዞ አዘጋጃለሁ። ዛሬ ለቡድናችን አባላት የምመልሰው ያለ ግፊያ ተደላድሎ ስለ መጓዝ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ የአውሮፓ በጋ የእኛ ክረምት ነው፤ የእኛ ጥርም የእነሱ ጃንዋሪ አይደለም። ስለዚህ የኢትዮጵያን ወር በአማርኛ ስሙ፣ የፈረንጁን በፈረንጅ ስሙ ጻፉልኝ። አንድ ደንበኛዬ «ጥር አንድ እንደርሳለን» ብለውኝ ለጃንዋሪ 9 ክፍል ይዤላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ከአውሮፕላን ጣቢያ ደወሉልኝ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እትዬ፣ በጥር 25ኛ ዓመታችንን እንይዛለን። ልጆቻችን የብር ኢዮቤልዩውን አውሮፓ አክብሩ ብለው ገንዘብ አዋጥተውልናል። ባለቤቴ ሰልፍና ግፊያ አይወድም። ያለን ስድስት ሌሊት ነው፤ ወዴት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ያለ ማመንታት ቬኒስን እመርጥላችኋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ የሰርግ ወርና የቬኒስ ባዶ ወር አንድ ላይ ገጥመዋል። የፈረንጆቹ የገና በዓል የሚያበቃው ጃንዋሪ 6 ቀን ሲሆን፣ ጥር 1 የሚውለው ጃንዋሪ 9 ነው። ከዚያ በኋላ ካርኒቫል፣ ማለትም ከጾማቸው በፊት የሚከበረው የጭንብል በዓል፣ እስኪጀምር ድረስ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ትመለሳለች። ጥምቀትን አገር ቤት አክብራችሁ ጥር 13 ወይም 14 ብትነሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካርኒቫሉ ከፋሲካቸው ጋር ወደፊትና ወደኋላ ስለሚል፣ የዓመቱን ቀን ሳታረጋግጡ ትኬት አትቁረጡ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላኖ ድረስ ያመጣችኋል፤ ከሚላኖ ቬኒስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በባቡር መግባትን የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ በር ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ታክሲና የመኪና ጥሩምባ ሳይሆን፣ ደረጃውን ስትጨርሱ እግራችሁ ሥር የሚገኘው የከተማዋ ዋና ቦይ የግራንድ ካናል ውሃ ነው። አራቱን ሌሊት እዚያ አሳልፉ። እንደ ግሪቲ ፓላስ ያሉ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በተሠራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉ ሆቴሎች በጥርም ክፍት ናቸው፤ በጁላይ ለተራ ክፍል በሚጠየቀው ገንዘብ በጥር ውሃውን የሚያይ ክፍል የማግኘት ዕድላችሁም ሰፊ ነው። የቀሩትን ሁለት ሌሊት ለሚላኖ አድርጉት፤ ላ ስካላ የሚባለው የኦፔራ ቤት የትርዒት ዘመኑ በየዓመቱ ዲሴምበር 7 ስለሚከፈት፣ በጥር ቤቱ ሥራ ላይ ነው።

ከማስጠንቀቅ የማልቦዝነው ነገር ግን አለ። ሆቴሎች እድሳት የሚያካሂዱት ሰው በማይበዛበት በዚሁ ወቅት ነው። እኔ ራሴ በአሥረኛ ዓመታችን ጥሩ ገንዘብ ከፍዬ ክፍል ይዤ፣ ጠዋት መጋረጃውን ብገልጥ በመስኮቱ ፊት ለፊት ስካፎልዲንግ ቆሞ፣ አንድ ሠራተኛ ላዩ ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ሲበላ አገኘሁት። የሆቴሉ ምግብ ቤትም «እስከ ፌብሩዋሪ ዝግ ነው» ተባልኩ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ምግብ ቤቱ ክፍት ስለመሆኑና በሕንፃው ላይ ሥራ ስለመኖሩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ አውሮፓ ውስጥ ቆንጆ ቦታ ጠቁሚን።

መልስ፦ በየትኛው ወር? ለስንት ቀን? በየትኛው ፓስፖርት? እነዚህን ሳይነግሩኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ እኛ በሴፕቴምበር ለመሄድ አስበናል። ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ቱሪስት ይቀንሳል ይባላል።

መልስ፦ የሚቀንሰው ልጆች ይዞ የሚመጣው ነው። ልጆች የሌሉት ሁሉ እንደ እናንተ አስቦ በሴፕቴምበር ይመጣል፤ በወሩ መጀመሪያ ደግሞ በሊዶ ደሴት የፊልም ፌስቲቫሉ አለ። ከኖቬምበር መጀመሪያ ሳምንት በኋላ ይምጡ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ እኛ የተጋባነው በኅዳር ነው፤ የአማርኛውን ኅዳር ማለቴ ነው። ብርዱና ጭጋጉ በዓሉን አያበላሽብንም?

መልስ፦ ወሩን ለይተው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ይህ ጥያቄ የምወደውን ነገር የሚነካ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

እኔ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የምመርጠው ኅዳር 12ን ነው። በ1630 እና በ1631 (ዓመቱ የፈረንጆች ነው) ቬኒስን ወረርሽኝ ፈጅቷት ነበር፤ የከተማዋ ሹማምንት ከዚህ መዓት ብንተርፍ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብለው ተሳሉ። አርክቴክቱ ባልዳሳሬ ሎንጌና የሠራውና በ1687 የተባረከው የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ያ ስእለት ነው። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ቀን በግራንድ ካናል ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡም በእግሩ ተሻግሮ ጧፍ ያበራል። ኖቬምበር 21 ደግሞ ኅዳር 12 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ብቻ በአንድ ቀን ይለያያሉ። በእኛም አገር ኅዳር 12 ሚካኤል ከመሆኑ በተጨማሪ፣ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ቆሻሻ የምናቃጥልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ቀን ነው። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፣ አንዱ በጧፍ ሌላው በጭስ፣ ወረርሽኝን በአንድ ቀን ያስባሉ። መጀመሪያ ያየሁት ዓመት ከድልድዩ መሃል ቆሜ ያንን የጧፍ ሽታ ስምግ፣ የሰፈራችን የኅዳር ጭስ ትዝ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ብርዱ መስሏቸው መሐረብ ሰጡኝ።

በዚያ ቀን ሰው ይበዛል፤ ነገር ግን ብዙው የአገሩ ሰው ነው እንጂ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ የሚከተል አይደለም። ጭጋጉን በተመለከተ፣ ጭጋጉ የቬኒስ ጌጥ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በጠባቡ መንገድ ሲሄዱ የራስዎን ኮቴ ይሰማሉ፤ ውሃው ደረጃውን ሲልስ ይሰማል፤ የሆቴሎችን አንሶላ ጭና የምትመለስ ጀልባ ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ ትላለች። በጁላይ በዚያው መንገድ የሚሰማዎት የሻንጣ ጎማ ብቻ ነው። ብርዱ እርጥበት ያለው ስለሆነ አጥንት ይገባልና ወፍራም ካፖርት አይርሱ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባም፣ የሚጾሙ ከሆነ ከኅዳር 5 እስከ 14 ያለውን ጊዜ ቢመርጡ ለምግቡም ይመቻል።

አባል (ከለንደን)፦ በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላል፤ ቬኒስ ደግሞ የዓሣ አገር ናት፤ ስለዚህ መፍራት አያስፈልግም።

አባል (ከጎንደር)፦ ወንድሜ፣ ማን ነው ይበላል ያለዎት? ጾም ጾም ነው።

አባል (ከለንደን)፦ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየ ክርክር ነው። ለመንገደኛ ደግሞ ይበልጥ ይፈቀዳል።

መልስ፦ ይህን ለየንስሐ አባቶቻችሁ አቅርቡት። ከእኔ በኩል የምነግራችሁ፣ ፓስታም ሆነ ባቄላ ስታዝዙ «ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ» ማለትም ያለ ቅቤና ያለ አይብ ብላችሁ እንድትናገሩ ነው። ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ምግብ ግን ሲበስል ቅቤ ስለሚገባበት አትመኑት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለንደን እህቴ አለች። ከቬኒስ ሦስት ቀን ለንደን ደርሰን ወደ ሮም ተመልሰን ብንገባስ?

መልስ፦ አይቻልም፤ ይህን ሁሉም ያንብብልኝ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዙ ባወጣው ውሳኔ መሠረት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያዳርሰው) አይሰጥም፤ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ለንደን ከሸንገን ውጭ ስለሆነች፣ ወደዚያ በወጣችሁ ቅጽበት ቪዛችሁ አበቃ። ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ግን ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ችግር የለም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው አመልክቱ፤ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሳችሁም 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል አትያዙ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ለባለቤቴ ሰርፕራይዝ ላደርግላት ፈልጌ ነበር። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለን። እስክንሳፈር ድረስ እንዳታውቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ባለቤትዎ ቀርባ አሻራዋን ሳትሰጥና ማመልከቻው ላይ ሳትፈርም ቪዛ የለም። አገሩን ይንገሯትና ሆቴሉን ይደብቁ። ከአውሮፕላን ጣቢያው በግል የውሃ ታክሲ ቢወስዷት፣ ዋጋው ከ100 ዩሮ በላይ ቢሆንም፣ ጀልባዋ በቀጥታ በሆቴሉ የውሃ በር ላይ ታቆማለች፤ ሰርፕራይዙ ያ ይሁን።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ በጃንዋሪ የኮሞ ሐይቅ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሐይቁ አለ፤ ታላላቆቹ ሆቴሎች ግን አብዛኞቹ እስከ ማርች ዝግ ናቸው። አማልፊና ካፕሪም እንደዚሁ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ሳንቶሪኒስ?

መልስ፦ ያው ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ፓሪስን ከቬኒስ ጋር ቢያወዳድሩልን?

መልስ፦ ፓሪስን የማውቃት እንደ መንገደኛ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ይመልስ።

አባል (ከፍራንክፈርት)፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ቬኒስ ውስጥ ማደር የገንዘብ ብክነት ነው። እኛ ከውሃው ማዶ የብስ ላይ ባለችው መስትሬ አድረን በባቡር በአሥር ደቂቃ እየገባን ጎብኝተናል። ገንዘቡን ለምግብ አዋልነው።

አባል (ከሮም)፦ መስትሬ የሚያድር ሰው የመግቢያ ክፍያ ይከፍላልና ትርፉ የት አለ?

መልስ፦ ሁለታችሁንም ላርም። በ2024 የተጀመረው የመግቢያ ክፍያ የሚመለከተው ቀን ውለው የሚመለሱትን ነው፤ መስትሬ በቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ሥር ስለሆነች እዚያ የሚያድር አይከፍልም። ክፍያውም እስካሁን የተጣለው በጸደይና በበጋ በተመረጡ ቀናት ስለሆነ፣ የኅዳርና የጥር እንግዳን አይነካም። ነገር ግን የፍራንክፈርቱ ወንድሜ ያጡትን አላወቁም። ቬኒስ የምታምረው ቀን ውለው የሚሄዱት ወደ ባቡር ጣቢያው ሲጎርፉ ነው፤ እርስዎም አብረዋቸው ጎርፈዋል። ለተማሪ መስትሬ ይበቃል፤ ለብር ኢዮቤልዩ ግን አይሆንም።

አባል (ከፍራንክፈርት)፦ ደስታ በሆቴል ዋጋ አይለካም፤ እኛ ደስ ብሎን ነው የተመለስነው።

መልስ፦ ደስ ይበላችሁ። የተጠየቅሁት ግን ስለ ድሎት ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ቪዛው ብዙ ጊዜ ያስገባል ወይስ አንድ ጊዜ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳያነቡ ነው የጠየቁኝ። አንድ ጊዜ። 45 ቀን። የማይመለስ ክፍል አይያዙ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ በኅዳር ቬኒስ በጎርፍ ትጥለቀለቃለች ሲባል ሰምቼ ባለቤቴ ፈርታለች።

መልስ፦ ፍርሃቷ መሠረት አለው። ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ውሃው 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ግን ሞዜ የሚባለው ግድብ ይሠራል፤ ባሕሩ ቬኒስን ወደከበባት ሐይቅ በሚገባባቸው ሦስት በሮች ሥር 78 የብረት መዝጊያዎች ተኝተዋል፤ ከፍተኛ ውሃ ሲተነበይ አየር ተነፍቶባቸው ይነሡና ባሕሩን ያግዳሉ። የሳን ማርኮ አደባባይ ከሁሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግድቡ በማይነሣበት ቀንም አንዳንዴ ይረጥባል፤ ያኔ እንደ ድግስ ጠረጴዛ ተደርድረው የሚጠብቁት መረማመጃዎች ይዘረጋሉ። ውሃው በጥቂት ሰዓት ይመለሳል፤ ብዙ ሆቴሎችም ቦቲ ያውሳሉ። ለባለቤትዎ መንገሩ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ስለሆነ ትልቅ ሻንጣ አይያዙ፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋንም ለእራት ብቻ በቦርሳ ትያዘው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እትዬ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ጎንዶላ ስንት ነው? በብርድ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። የማዘጋጃ ቤቱ ታሪፍ ቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ 110 ዩሮ ነው፤ የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። በጥር ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሂዱ፤ ከሳን ማርኮ ፊት ለፊት ካለው ሰፊ ውሃ ይልቅ በጓሮ ባሉት ጠባብ ቦዮች እንዲወስዳችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ንገሩት። ጋቢያችሁንም ያዙ።